የጠመንጃ አፈሙዝ አጸዳድና አያያዝ፦ ከዘይት በፊት ውኃ

የጠመንጃ አፈሙዝ በአብዛኛው የሚበላሸው በተኩስ ብዛት ሳይሆን ከተኩስ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት በሚደረግለት ወይም ሳይደረግለት በሚቀር ነገር ነው። በሥርዓት የተያዘ አፈሙዝ በሺህ የሚቆጠር ጥይት አሳልፎ ዒላማውን ሳይስት ሊኖር ሲችል፣ አንድ ቀን ብቻ ተተኩሶበት በዘይት ከተወለወለ በኋላ ሐምሌና ነሐሴን በእርጥብ ቤት ተሰቅሎ የከረመ አፈሙዝ ግን መስከረም ሳይጠባ ውስጡ በዝገት ሊቦረቦር ይችላል። በዚህ መመሪያ የሚቀርበው አሠራር በኢትዮጵያ በስፋት በሚታወቁት ሁለት የጠመንጃ ዓይነቶች፣ ማለትም በክላሽንኮቭና በማውዘር ቤተሰብ ላይ የተመሠረተ ሲሆን (ቤልጅግ እየተባለ የሚጠራው ጠመንጃ ከማውዘሩ ወገን ነው)፣ ባለመሣሪያው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያለው መሆኑ እንደ መነሻ ተወስዷል።

በዚህ ጽሑፍ አፈሙዝ የሚባለው ጥይቱ የሚወጣበት ጫፍ ብቻ ሳይሆን ከጥይት ማረፊያው ጀምሮ እስከዚያ ጫፍ ድረስ ያለው የብረት ቱቦ በሙሉ ነው፤ የጥይት ማረፊያ ደግሞ ጠመንጃው ሲጎርስ ጥይቱ የሚቀመጥበት፣ ከቱቦው ሰፋ ብሎ የተቀረጸው የኋላ ክፍል ነው። የቱቦው ውስጥ ልሙጥ አይደለም፤ በክላሽንኮቭም ሆነ በማውዘር 98 ወደ ቀኝ የሚጠመዘዙ 4 ጎድጓዳ መስመሮች ተቀርጸውበታል፣ እነዚህም በ240 ሚሊሜትር ርዝመት ውስጥ አንድ ሙሉ ዙር በመዞር አረሩን እያሾሩ ያስወጡታል፣ ሳይገለባበጥ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገውም ይኸው ሽክርክሪት ነው። የክላሽንኮቭ አፈሙዝ በመስመሮቹ መካከል ባሉት ከፍታዎች ላይ ሲለካ 7.62 ሚሊሜትር፣ በጎድጓዳዎቹ ላይ ሲለካ ደግሞ 7.92 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ የእያንዳንዱ መስመር ጥልቀት ከ0.15 ሚሊሜትር አይበልጥም። የጠመንጃው አነጣጥሮ የመምታት ችሎታ ሁሉ የተመሠረተው በዚህች ቀጭን ጥልቀት ላይ በመሆኑ፣ በዓይን የማይታይ የዝገት ሽፋንም ሆነ በግዴለሽነት የተገፋ የብረት ዘንግ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም።

ከተኩስ በኋላ በአፈሙዝ ውስጥ የሚቀረው ቆሻሻ አንድ ዓይነት አይደለም፣ የአጸዳዱም ዘዴ እንደ ቆሻሻው ይለያያል። በዓይን የሚታየው ጥቁር ጥላሸት ከተቃጠለው ባሩድ የሚቀር ካርቦን ነው፤ ከአረሩ ልባስ ተፍቆ የሚቀረው መዳብ በከፍታዎቹ ላይ ቀላ ያለ ወይም ወርቅማ ጭረት ሆኖ ይታያል። ሦስተኛው ግን አይታይም፣ ከሁሉም የከፋውም እርሱ ነው፤ ይህም ጨው ነው።

ጨዉ የሚመጣው በቀለሁ ግርጌ መሃል ከምትገኘው ትንሽ ክብ ቆብ ነው። መርፌው ሲመታት ብልጭ ብላ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ይህች ቆብ በብዙ አሮጌ ጥይቶች ውስጥ ፖታሺየም ክሎሬት የሚባል ንጥረ ነገር ይዛለች፤ ይህ ንጥረ ነገር ሲቃጠል ኦክሲጅኑን ለእሳቱ ሰጥቶ ራሱ ወደ ፖታሺየም ክሎራይድ ይለወጣል፣ እርሱም የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ እርጥበት ከአየር የሚስብ ጨው ነው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት፣ ማለትም አየሩ ሊሸከም ከሚችለው ውኃ የያዘው ድርሻ፣ ወደ 84 በመቶ ሲደርስ ይህ ጨው ከአየር በሳበው ውኃ ራሱን አሟሙቶ በብረቱ ላይ የጨው ውኃ ይሆናል። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል የክረምት ሌሊት ከዚህ መጠን ማለፉ የተለመደ ስለሆነ፣ በበጋ ሳይጸዳ ከርሞ ምንም ያልሆነ የመሰለ ጠመንጃ በክረምት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊዝግ የሚችልበት ምክንያት ይህ ነው።

ነገሩን በጥናት ያጣራው ዊልበርት ሀፍ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1922 በአሜሪካ የማዕድን ቢሮ በታተመው ሥራው በዘይት ሽፋን ሥር የሚካሄደውን ዝገት መርምሮ ዋናው ጥፋተኛ ከማቀጣጠያዋ ቆብ የሚቀረው ክሎራይድ መሆኑን አሳይቷል። የዚህ ግኝት ተግባራዊ ትርጉም እጅግ ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም ጨው በዘይት አይሟሟም፣ በላምባም አይሟሟም፣ በቤንዚንም አይሟሟም። በተተኮሰበት አፈሙዝ ላይ በቀጥታ ዘይት የሚቀባ ሰው ጥላሸቱን ያስለቅቅ እንጂ ጨዉን አልነካውም፤ እንዲያውም በዘይቱ ሥር ሸፍኖ ስላስቀመጠው፣ ጠመንጃው ከላይ ሲያብለጨልጭ ከሥር መበላቱን ይቀጥላል። ጨውን የሚያወጣው ውኃ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የማጽዳት ቅደም ተከተል መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ማድረቅ፣ በመጨረሻ ዘይት ነው፣ ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ የተቀረው ድካም ሁሉ ብዙም ፋይዳ የለውም።

አዳዲስ ጥይቶች ብዙዎቹ ክሎሬት በሌለው ቆብ የተሠሩ መሆናቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በሶቪየት ኅብረት፣ በቻይናና በምሥራቅ አውሮፓ ተመርተው በመጋዘን ከከረሙ ጥይቶች መካከል ጨው የሚያስቀሩት ብዙ ናቸው፣ በቀለሁ ግርጌ የተቀረጸውም ምልክት የቆቧን ውስጥ አይናገርም። ጥይቱ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት ያልታወቀ ከሆነ ጨው እንዳለው መቁጠር ይገባል፤ ያለ አስፈላጊነት በውኃ ያጠበ ሰው የሚያጣው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ማጠብ ሲገባው የተወ ግን አፈሙዙን ያጣል።

ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፣ የማረጋገጫውም ቅደም ተከተል ሊዛባ አይገባም። ጫፉ ሰውና እንስሳ ወደሌለበት አቅጣጫ ከዞረ በኋላ የሚነቀል ካዝና ካለው በቅድሚያ ካዝናው ይነቀላል፣ ከዚያ በኋላ መዝጊያው ወደ ኋላ ተስቦ በማረፊያው ውስጥ የነበረ ጥይት ካለ እንዲወጣ ይደረጋል፣ መዝጊያውም ወደ ኋላ እንደተያዘ ማረፊያው በዓይን ታይቶ በጣትም ተዳስሶ ባዶነቱ ይረጋገጣል። ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ፣ ማለትም ካዝናው ሳይነቀል መዝጊያውን ስቦ መልቀቅ፣ ባዶ የመሰለውን ጠመንጃ ሌላ ጥይት ማጉረስ ነው፤ በጽዳት ጊዜ ለሚደርሰው አደጋ ዋነኛው መነሻ ይኸው ስሕተት ነው። ምላጩም ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በዓይንና በጣት ከመረጋገጡ በፊት በምንም ምክንያት አይነካም። ጥይቶቹና ካዝናው ከሥራው ቦታ ተወስደው በሌላ ክፍል መቀመጣቸው፣ ልጆችም እንዳይደርሱባቸው መደረጉ የጽዳቱ አካል እንጂ ተጨማሪ ጥንቃቄ አይደለም።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው። መወልወያው ዘንግ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕና የሚቻል ከሆነ አንድ ወጥ ሊሆን ይገባዋል፤ በሦስትና በአራት ቦታ የሚቀጣጠል ዘንግ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ትንሽ ከንፈር ስላለው ከቱቦው ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ከፍታዎቹን ይጭራል። የክላሽንኮቭ የራሱ ዘንግ ከአፈሙዙ ሥር ተሰክቶ ይኖራል፣ በሰደፉም ውስጥ ትንሽ ቆርቆሮ ተቀምጣለች፤ በውስጧ ብሩሽ፣ ጨርቅ መያዣ ጫፍና ጠመንጃውን ለመፍታት የሚያገለግሉ ትናንሽ መሣሪያዎች ይገኛሉ። የቆርቆሮዋ አካል ለዘንጉ እጀታ ሆኖ የሚያገለግል ሲሆን፣ ክዳኗ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጠቅም፣ ግን ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ሥራ አለው፣ እርሱም ከታች በቦታው ይገለጻል። ለጨርቅነት ታጥቦ የለሰለሰ አቡጀዲ ከሁሉም ይሻላል፤ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ በዘንጉ ጫፍ ሲታሰር በቱቦው ውስጥ ጠበቅ ብሎ፣ ነገር ግን ሳይታገል የሚሄድ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ልል ጨርቅ ወደ ጎድጓዳዎቹ አይደርስም፣ እጅግ የጠበቀም ተቀርቅሮ ይቀራል። ብሩሹ ከነሐስ ሽቦ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፣ የብረት ሽቦ ግን አፈሙዙን ስለሚጭር አይመከርም።

በቤት ውስጥ የሚገኙ ነገሮች ሁሉ ለጠመንጃ አይሆኑም። ላምባ ጥላሸትን ለማላቀቅ ይረዳል፣ ሆኖም ራሱ ተኖ ስለሚጠፋ ብረቱን የሚጠብቅ ሽፋን አይተውም። ቤንዚን በፍጥነት የሚቀጣጠል ትነት ስላለው ከቤት ውስጥ ሥራ ፈጽሞ መራቅ አለበት። ከተሽከርካሪ የተቀዳ የተቃጠለ ዘይት የአሲድ ቅሪትና የብረት ብናኝ የያዘ ስለሆነ፣ ለመጠበቅ ተብሎ ቢቀባ የሚያደርሰው ጉዳት ይብሳል፤ አዲስ የሞተር ዘይት ግን ቀጭን የማሽን ዘይት ባልተገኘበት ጊዜ ሊተካው ይችላል። የምግብ ዘይት ከጊዜ በኋላ ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ቅቤ ደግሞ በራሱ ውስጥ ውኃ ይዟል፤ ስለዚህ ሁለቱም ከአፈሙዝ ይራቁ። አመድ፣ አሸዋና ብርጭቆ ወረቀት ዝገትን ያስለቅቃሉ ተብለው በአፈሙዝ ውስጥ ሲገቡ የሚያስለቅቁት ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ያንን የ0.15 ሚሊሜትር ጥልቀትም ጭምር መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ማጠቡ በተቻለ መጠን ተኩሱ በተፈጸመበት ዕለት መደረግ አለበት። በማውዘሩ መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ተስቦ ስለሚወጣ ሥራው ቀላል ነው፤ ጠመንጃው ጫፉ ወደ ታች ሆኖ በባልዲ ላይ ይቆምና በማረፊያው በኩል በገባ ቀጭን የጎማ ቱቦ አማካይነት ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር የፈላ ውኃ ይፈስበታል፣ እንጨቱን ውኃ እንዳይነካውም በጨርቅ ይጠቀለላል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ጠመንጃቸውን በዚሁ መንገድ በፈላ ውኃ ያጥቡ ነበር። የፈላ ውኃ የሚመረጠው ጨዉ በቀዝቃዛ ስለማይሟሟ እንዳይደለ ልብ ማለት ይገባል፤ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ በ20 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ወደ 34 ግራም ፖታሺየም ክሎራይድ ያሟሟል፣ በአፈሙዝ ውስጥ የሚቀረው ደግሞ ከዚህ ጋር የማይወዳደር ጥቂት ነው። የፈላው ውኃ ጥቅሙ ብረቱን አግሎ የቀረውን እርጥበት በፍጥነት ማትነኑ ነው። ስለዚህ ውኃ ማፍላት በማይቻልበት ሜዳ ላይ ያለ ሰው በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ቢያጥብ ጨዉን ያወጣል፣ ማድረቁን ግን በብርቱ ጥንቃቄ ማከናወን ይኖርበታል።

በክላሽንኮቭ ውኃ ማፍሰስ ቢቻልም ወደ ምላጩ አካላትና ወደ ጋዝ ክፍሉ ስለሚገባ ማድረቁ ያደክማል፤ ውኃ በጠጣ ጨርቅ መሥራት ይበልጥ ያመቻል። የላይኛው ክዳን፣ መግፊያው ሞላ፣ መዝጊያው ከነተሸካሚውና ከነፒስተኑ፣ እንዲሁም የጋዝ ቱቦው በየተራ ይፈታሉ፤ በጫፉ ላይ የተጠመዘዘው መከለያም ይፈታል። ከዚያ በኋላ ሙቅ ውኃ በደንብ የጠጣ ጨርቅ በዘንጉ ተገፍቶ በቱቦው ሙሉ ርዝመት እንዲያልፍ ይደረጋል፣ ጨርቁም ይቀየራል፤ ይህ ቢያንስ አምስት ስድስት ጊዜ መደጋገም አለበት፤ ምክንያቱም አንድ ጨርቅ ጨዉን ያሟሟ እንጂ ያሟሟውን ሁሉ ይዞ አይወጣም። ጥቂት ሳሙና መጨመር ጥላሸቱንም ለማላቀቅ ይረዳል፣ ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ጨርቆች በንጹሕ ውኃ ብቻ የራሱ ይሁኑ።

አሞኒያ የጨመሩበት ውኃ ጨዉን ያከሽፈዋል የሚል እምነት በብዙ ባለመሣሪያዎች ዘንድ አለ። ፖታሺየም ክሎራይድ አሲድ ስላልሆነ የሚያከሽፈው ነገር የለም፤ ሥራውን የሚሠራው ውኃው ነው፣ አሞኒያው የሚጠቅመው ለመዳቡ ብቻ ነው። የሶቪየት ጦር መመሪያ ለክላሽንኮቭ ያዘዘው ፈሳሽም በአንድ ሊትር ውኃ 200 ግራም አሞኒየም ካርቦኔትና ከ3 እስከ 5 ግራም ፖታሺየም ዳይክሮሜት የያዘ ነበር፤ የመጀመሪያው መዳብ ያሟሟል፣ ሁለተኛው ብረቱ በውኃው ምክንያት እንዳይዝግ ይከላከላል። ሆኖም ዳይክሮሜት ለካንሰር የሚያጋልጥ መርዝ ስለሆነ ይህን ውሕድ በቤት ማዘጋጀት አይገባም፣ ሙቅ ውኃና ጥሩ ዘይት ካሉም አያስፈልግም።

ዘንጉ ከየትኛው ጫፍ እንደሚገባ መወሰን ከማጽዳቱ ራሱ ያልተናነሰ ትኩረት ይሻል። አረሩ ከአፈሙዙ ሲለቅ በመጨረሻ የሚነካው የጫፉን ክብ ከንፈር ነው፤ ከንፈሩ ዙሪያው እኩል ከሆነ ከአረሩ ኋላ የሚወጣው ጋዝ በሁሉም በኩል በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፣ በአንድ ወገን ከተፋቀ ወይም ከተጎዳ ግን ጋዙ በዚያ ወገን ቀድሞ አምልጦ አረሩን ያዘነብለዋል። ውስጡ እንደ መስታወት የጠራ፣ ግን ጥይቱን የሚበትን ጠመንጃ ሲያጋጥም መጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው ይህ ከንፈር ነው፤ ብዙውን ጊዜም የተፋቀው ዓመታት ሙሉ ከጫፉ በኩል በተገፋ ዘንግ ነው። ስለዚህ ማውዘርን የመሰለ፣ መዝጊያው ወደ ኋላ የሚወጣ ጠመንጃ ምንጊዜም ከማረፊያው በኩል ይወለወላል። ክላሽንኮቭ ግን የኋላው አካል ዝግ ስለሆነ ዘንጉ ከጫፉ መግባቱ የግድ ነው፤ የቆርቆሮዋ ክዳን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ክዳኗ በጫፉ ላይ ስትደፋ መሃሏ ላይ ያለው ቀዳዳ ዘንጉን በቱቦው መሃል ይዞ ከንፈሩን እንዳይነካ ያደርገዋል። ክዳኗ የጠፋችበት ሰው ተመሳሳይ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቆብ ቢያዘጋጅ ድካሙ በከንቱ አይቀርም።

ውኃው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ወደ ጥላሸቱ ይታለፋል። ብሩሹ በማጽጃ ፈሳሽ ወይም በቀጭን ዘይት ተነክሮ በቱቦው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይነዳል፤ በመንገድ መሃል አቅጣጫውን መቀየር የብሩሹን ፀጉር ስለሚያጣምምና ስለሚያስቀረቅር፣ እያንዳንዱ ጉዞ ብሩሹ በሌላው ጫፍ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ድረስ ይቀጥላል። ዘንጉ ከብሩሹ ጋር እንዲሽከረከር መተው አለበት፣ ምክንያቱም ጎድጓዳዎቹ ጠምዛዛ ስለሆኑ እጅ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ከያዘው ብሩሹ በከፍታዎቹ ላይ እየዘለለ ያልፋል እንጂ ጎድጓዳዎቹን ተከትሎ አይሄድም። ከዚያም ፈሳሹ ጥቂት ደቂቃ ተትቶ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየተቀየረ፣ የሚወጣው ጨርቅ ንጹሕ ወይም በጣም ፈዘዝ ያለ ግራጫ እስኪሆን ድረስ ይወለወላል። ጨርቁ ፍጹም ነጭ ካልሆነ እያሉ ያለ ማቋረጥ መፈተግ አይመከርም፤ ከመጠን ያለፈ ፍተጋ አፈሙዙን ይበላዋል እንጂ አይጠቅመውም።

መዳብን በየጽዳቱ ማውጣት አያስፈልግም። ከጫፉ በኩል በብርሃን ሲታይ በከፍታዎቹ ላይ ወርቅማ ጭረት ከበዛ፣ ወይም ጠመንጃው ቀድሞ ይመታው የነበረውን ዒላማ መሳት ከጀመረ፣ አሞኒያ ያለበት የመዳብ ማጽጃ በጨርቅ ተቀብቶ ከ15 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይተዋል፤ የሚወጣው ጨርቅ ሰማያዊ ከሆነ መዳብ መኖሩን ያሳያል። በዚህ ጊዜ የነሐስ ብሩሽ መጠቀም አይገባም፣ ነሐሱ ራሱ መዳብ ስላለው ፈሳሹ ብሩሹን እየበላ ጨርቁን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ሠራተኛውም ያለቀውን ሥራ እንዳላለቀ ይቆጥረዋል። ሥራው እንደተፈጸመ አሞኒያው ሙሉ በሙሉ መጠረግ አለበት፤ በአፈሙዝ ውስጥ ረጅም ጊዜ ከቆየ ብረቱን ያጠቃል።

በማድረቁ ጊዜ ደረቅ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ይተላለፋል፣ የጥይት ማረፊያውም በወፍራም ጨርቅ በተጠቀለለ ጣት ወይም እንጨት ለብቻው ይደርቃል። ማረፊያው ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሲሆን፣ በውስጡ የሚቀር ዝገት ቀለሁ ተጣብቆ እንዳይወጣ ያደርጋል። በክላሽንኮቭ ደግሞ ጋዙ ከአፈሙዙ ወደ ፒስተኑ የሚያልፍበት ቀዳዳና ክፍል አለ፣ ፒስተኑና የጋዝ ቱቦውም ጨው ይደርሳቸዋል፤ እነዚህም ልክ እንደ አፈሙዙ በውኃ ጨርቅ መጠረግ፣ መድረቅና በስሱ መቀባት አለባቸው። የክላሽንኮቭ አፈሙዝ ውስጡ ክሮም የተለበጠ ስለሆነ አይዝግም የሚል አስተሳሰብ አለ። ክሮም ራሱ አለመዛጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በተኩስ ሙቀት ጥቃቅን ስንጥቆች ስለሚፈጠሩበት እርጥበቱ በእነዚያ ገብቶ ከሥሩ ያለውን ብረት ሊያገኘው ይችላል፣ በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የተሠሩት ኤም 70 ጠመንጃዎች ደግሞ ብዙዎቹ ክሮም የሌላቸው ናቸው። ስለዚህ የክሮሙ መኖር ጊዜ ይሰጣል እንጂ ጽዳቱን አይተካም።

ዘይቱ ስስ ሆኖ ይቀባል። በጥቂት ጠብታ የራሰ ጨርቅ አንድ ሁለት ጊዜ ሲያልፍ በብረቱ ላይ የሚተወው ሽፋን በቂ ነው፤ ዘይት ከበዛ በስበት ወርዶ በእንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ እንጨቱንም ያለሰልሰዋል፣ አቧራም ይሰበስባል። ከዚህ በኋላ ሥራው አለቀ ማለት አይቻልም። የሶቪየት መመሪያ ከተኩስ በኋላ ባሉት 3 ወይም 4 ቀናት ጠመንጃው በየቀኑ እንዲጸዳ ያዝዝ ነበር፣ ትእዛዙም ትክክል ነው፤ በስንጥቅና በጎድጓዳ ጥግ የቀረ ጨው በማግስቱ ቀላ ያለ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ በጨርቁ ላይ ሆኖ ይታያል፣ ይህ ከታየም እንደገና በውኃ መጀመር እንጂ ዘይት መጨመር መፍትሔ አይሆንም።

በአድዋ ዘመን ከነበሩት ጠመንጃዎች፣ ለምሳሌ ከፈረንሳዩ የ1874 ሞዴል ግራ፣ አንዱን በቅርስነት የያዘ ሰው ወይም ተቋም የሚያጋጥመው ሌላ ሁኔታ ነው። በዚያ ጊዜ የነበረው ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ወደ ጠጣር ቅሪት ይለውጠዋል፣ ቅሪቱም በአብዛኛው በውኃ የሚሟሟ የፖታሺየም ጨው ነው፤ ስለዚህ በቱቦው ውስጥ ያልወጣ የዱሮ ጥላሸት ካለ በሳሙና ውኃ ይለቃል። እንዲህ ያለውን አሮጌ መሣሪያ መተኮስ ግን አይገባም፤ የቅርስ ጠመንጃ የሚጸዳው እንዲቆይ ነው፣ ከውጭ ያለውን የዘመኑን ቀለም ለማብረቅረቅ ሲባል መፋቅም ታሪካዊ ዋጋውን ያጠፋል።

ዝገት አስቀድሞ የያዘው አፈሙዝ ሲያጋጥም በዘይት ተነክሮ አንድ ሌሊት ይተውና በማግስቱ በነሐስ ብሩሽ ይሠራል፣ ይህም እንደ ዝገቱ መጠን ለጥቂት ቀናት ሊደጋገም ይችላል። ልል ዝገት በዚህ ይወጣል፤ ብረቱን የበላው ጉድጓድ ግን አይመለስም፣ በፍተጋም ሊጠፋ አይችልም። ጉድጓድ ያለበት አፈሙዝ ሁሉ የሚጣል አይደለም፣ ብዙዎቹ በሚገባ ይመታሉ፣ ነገር ግን ጨውና ጥላሸት በጉድጓዶቹ ስለሚደበቁ የውኃው ጽዳት እጥፍ መሆን ይኖርበታል። በቱቦው ላይ ከውጭ የሚታይ እብጠት፣ ወይም በውስጡ በብርሃን ሲታይ እንደ ቀለበት የሚያጠላ ጥቁር ክብ ካለ፣ ያ አፈሙዝ አንድ ጊዜ ተዘግቶ የተተኮሰበት ስለሆነ ከዚያ በኋላ ሊተኮስበት አይገባም። እንዲሁም ጨርቅ ወይም ዘንግ በውስጡ ተቀርቅሮ ከቀረ በሌላ ጥይት አስወጣዋለሁ ማለት ቱቦውን አፈንድቶ ተኳሹን ሊገድል ይችላል፤ ዘይት እየተጨመረ ከተቃራኒው ጫፍ በዘንግ ቀስ ብሎ ይገፋል፣ እምቢ ካለም ወደ ባለሙያ ይወሰዳል።

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ጠመንጃ ወፈር ባለ ዘይት ወይም ግሪስ ውስጡና ውጪው ይቀባል፣ ጫፉም ወደ ታች ዘንበል ብሎ ቢቆም ዘይቱ ወደ ሰደፉ አይወርድም። የጫፉን ቀዳዳ በጨርቅ መወተፍ ግን ሁለት ጉዳት አለው፤ ጨርቁ እርጥበት ይዞ በዚያው ቦታ ዝገት ያስነሳል፣ ተረስቶ ከተተኮሰ ደግሞ አፈሙዙን ያፈነዳዋል። በቆዳ ማኅደር ውስጥ ማክረምም አይመከርም፣ ምክንያቱም ቆዳ እርጥበት ያምቃል፣ ቆዳውን ለማልፋት የገቡት ጨዎችና አሲዶችም ብረቱን ያጠቃሉ። ጠመንጃው ደረቅና አየር በሚዘዋወርበት፣ በተቆለፈ ቦታ ከጥይቱ ተለይቶ ይቀመጣል፤ በበጋ በወር አንድ ጊዜ፣ በክረምት ደግሞ በየሳምንቱ ነጭ ጨርቅ ተላልፎበት ቀለሙ ይታያል።

ከተቀመጠበት ወጥቶ ከመተኮሱ በፊት ደግሞ አፈሙዙና የጥይት ማረፊያው በደረቅ ጨርቅ መጠረግ አለባቸው። በቱቦው ውስጥ የተከማቸ ዘይት ወይም ግሪስ የአረሩን መንገድ አጥብቦ ግፊቱን ከመጠን በላይ ያንረዋል፤ በማረፊያው ያለ ዘይት ደግሞ ቀለሁ ግድግዳውን ቆንጥጦ እንዳይዝ ስለሚያደርገው ጫናው ሁሉ በመዝጊያው ላይ ያርፋል። ቱቦው ከዳር እስከ ዳር ክፍት መሆኑ በብርሃን ከታየ በኋላ ብቻ መዝጊያው ወደ ቦታው ይመለሳል።